«ልጄ ቡናዬን ጎነደለው»

«በሰኮሩ ወረዳ ቡና አምራች ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ተምሮ ከተመለሰ ሁለት ዓመት ሆነው። የካቲት ላይ ለሕክምና ጅማ ከርሜ ስመለስ፣ ከአባቴ የወረስኩትን ቡና ግማሹን ጎንድሎ ጠበቀኝ። እሱን ያስተማርኩት በዚያው ቡና ነው። ብቆጣው ‹አባባ፣ ስንት ጊዜ ነገርኩህ፤ መቼ ሰማኸኝ?› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። ከቤት ላስወጣው?»
አባት፣ ከሰኮሩ

ወንድሜ፣ አያስወጡት።

ቡናው አልጠፋም። ያረጀ ቡና ለቀማው ካለቀ በኋላ በበጋ፣ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሁለት ሦስት ጠንካራ ቀንበጥ ይቀርለታል። ሁለት ዓመት ያህል ምርት ያሳጣል፣ ከዚያ ግን አሮጌው ከሚሰጠው የተሻለ ይሰጣል። ልጅዎ የተማረውን አልሳተም። የሳተው ግማሹን በአንድ ጊዜ መቁረጡ ላይ ነው፤ ማሳውን ከፋፍሎ በየዓመቱ መጎንደል የሚመከረው ቤተሰቡ ገቢ እንዳያጣ ነው።

እርስዎ ታመው በሌሉበት ማድረጉ ደግሞ ከባድ በደል ነው። ይቅርታ ሊጠይቅዎ ይገባል፤ ይህንንም ሳይሸፋፍኑ ይንገሩት።

ግን «መቼ ሰማኸኝ?» ያለው ነገር ከንክኖኛል። ከቡናው ሽያጭ ምን እንደሚደርሰው አልጻፉልኝም። ሁለት ዓመት ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ዋጋ ሲቆረጥ ከበር ውጭ የሚቆም ከሆነ በገዛ ቤቱ የቀን ሠራተኛ ሆኗል ማለት ነው። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ 18 ዓመት የሞላው ሰው ራሱን ያስተዳድራል። በእኛ ቤት ግን ልጅ ሙሉ ሰው የሚሆነው አግብቶ ጎጆ ሲወጣ ነው። ዛሬ መሬቱ ጠቦ፣ ጋብቻው ዘግይቶ፣ ብዙ ወጣት በሁለቱ መካከል ዓመታት ይቆያል፤ ሲጠራ ልጅ፣ ሲሠራ ጎልማሳ። ልጅዎ መጋዙን ያነሳው ከዚህ ላይ ሆኖ ይመስለኛል።

ሽማግሌ ለመላክ አይቸኩሉ፤ ነገሩ የመንደር ጉዳይ ይሆንና ሁለታችሁም ማፈግፈግ ታፍራላችሁ። ባለቤትዎንም በመሃል አያመላልሷቸው። የእናት መከራ እንዲህ ባለ ኩርፊያ ውስጥ ማንም የማያየው ነው፤ ሁለቱን እያበሉ ሁለቱን ይሰማሉ። ራስዎ ይጥሩት፣ እዚያው ማሳው ውስጥ።

የተጎነደለውን ክፍል ኃላፊነቱን ይስጡት፤ ማረሙን፣ ቀንበጥ መምረጡን፣ ሒሳቡንም። የይዞታ ደብተሩ ባለበት ይቆይ። በቀረው ቡና ላይ ያለ እርስዎ ፈቃድ ምንም እንዳይቆርጥ ቃል ያስገቡት። ምርቱ ሲደርስ ስንቱ የእሱ እንደሚሆን ግን ዛሬውኑ በቁጥር ይነጋገሩ። እስከዚያ የሚጎድለውን ገቢ በምን እንደሚሸፍን ሐሳቡን እሱ ያምጣ፤ በጉቶዎቹ መካከል ቦሎቄ መዝራት እንደሚቻል ሳያውቅ አይቀርም። ሲናገር እስኪጨርስ አያቋርጡት።