የቤት ወጪና የልጅ ሙዳይ



ቁጠባ የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ገንዘብ የተረፈውን ሰው ነው። «የሚተርፍ ሲኖር አይደለም እንዴ የሚቆጠበው?» እንላለን። በመሠረቱ ግን ቁጠባ ማለት ዛሬ በእጅ ካለው ላይ ለነገ ጉዳይ ድርሻውን ለይቶ ማስቀመጥ ነው እንጂ ትርፍ ማከማቸት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የቤት ገቢና ወጪ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሁለተኛው ደግሞ ታናናሾቻችን ቁጠባን እንዴት እንደሚማሩ ነው። ሁለቱንም የሚያስተሳስራቸው አደራ መሆኑን በኋላ እናያለን።

ይህ የወላጆች ጉዳይ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሱቅ የምንላከው፣ ታናናሾቻችንን የምንጠብቀው፣ ደመወዝ ስናገኝም ቤት የምንደጉመው እኛው ነን። ነገ ደግሞ የራሳችንን ጎጆ እንቀልሳለን። ስለዚህ ነገሩ እኛንም ይመለከታል።

ሀ) የዕለት ጉርስና የዓመት ልብስ

አባቶቻችን የሰውን ኑሮ ሲገልጹ «የዕለት ጉርስ፣ የዓመት ልብስ» ይላሉ። በዚህ አጭር አነጋገር ውስጥ የሒሳብ ትምህርት አለ። ወጪ ሁለት ዓይነት ነው፤ በየዕለቱና በየወሩ የሚመጣ አለ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣም አለ። ብዙ ቤት የሚናጋው በመጀመሪያው ሳይሆን በሁለተኛው ነው።

ለምሳሌ ያህል የወር ገቢው 12,000 ብር የሆነ አንድ ቤተሰብ እናስብ። ለቤት ኪራይ 4,000፣ ለአስቤዛ 4,600፣ ለትራንስፖርት 1,200፣ ለመብራትና ለውሃ 400፣ ለልጆች ትምህርት 500፣ ለዕድርና ለማኅበር 300 ብር ቢያወጣ ድምሩ 11,000 ይሆናል። በእጁ 1,000 ብር ስለቀረ ተረፈን ብሎ ሊያጠፋው ይችላል። ዳሩ ግን መስከረም ሲጠባ የደንብ ልብስ፣ ደብተርና ጫማ ይመጣል፤ ገናና ፋሲካም አይቀሩም። እነዚህ ሁሉ በዓመት 6,000 ብር ቢፈጁ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 500 ብር ነው። እንግዲህ ተረፈ ከተባለው ከ1,000 ብር ላይ ግማሹ አስቀድሞ ባለቤት አለው ማለት ነው። የቀረው 500 ብር ደግሞ ለሕመምና ለድንገተኛ ችግር ይቀመጣል።

ፋሲካ በየዓመቱ እንደሚመጣ እያወቅን በበዓሉ ዋዜማ ለዶሮ መግዣ ብንበደር ያስቸገረን በዓሉ ሳይሆን ሒሳባችን ነው። ይህን ለማስተካከል አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። የወሩን ወጪ በአንድ ገጽ፣ የዓመቱን በሌላ ገጽ እንጻፍ።

ለ) የት ይቀመጥ?

ዕቁብ ከሁሉም የቀረበን መንገድ ነው። 12 ሰዎች በወር 500 ብር ቢጥሉ ዕጣ የወጣለት 6,000 ብር ያነሣል። ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ እንደተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ እንደቆጠበ ይቆጠራል። ቀድሞ የበላው ሰው ዋስ የሚጠራውም ስለዚህ ነው። ዕቁብ ወለድ አይከፍልም፤ ነገር ግን ዳኛውና ጓደኞቹ ስለሚጠብቁን እንዳናቋርጥ ያስገድደናል።

ባንክ ደግሞ ገንዘቡን ከሌባና ከእሳት፣ ከራሳችንም እጅ ይጠብቃል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድ ከ7 ከመቶ እንዳያንስ ተወስኗል። ነገር ግን እውነቱን መደበቅ አይገባም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ በላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ 100 ብር በባንክ 107 ሲሆን፣ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 130 ብር አልፏል። ታዲያ ቁጠባ ከንቱ ነው እንበልን? አይደለም። ያልቆጠበው ሰው 107ቱም የለውምና። ትምህርቱ ቁጠባ በገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ያከማቸው የምርቱን አንድ አምስተኛ እህል እንጂ ብር አልነበረም። አዲሱ ምርት ገበያ በሚወጣበት በታኅሣሥና በጥር ብዙውን ጊዜ ጤፍ ይረክሳል። አቅም በፈቀደ መጠን ያን ጊዜ ገዝቶ ማስቀመጥም ቁጠባ ነው።

ሐ) ልጅ አደራን የሚማረው ከየት ነው?

ልጆች ገንዘብ መያዝን ከእኛ በፊት ያውቁታል። በነሐሴ ወር ለቡሄ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ እንመልከታቸው። ከመካከላቸው የሚታመነውን ገንዘብ ያዥ ያደርጉታል፤ ማታ ሁሉም ባለበት ይቆጥራሉ፤ ይካፈላሉም። አንዲት ሳንቲም ብትጎድል ይጣላሉ። ማንም ሳያስተምራቸው ሒሳብ በሁሉ ፊት መታየት እንዳለበት ያውቃሉ።

ችግሩ የሚመጣው ልጁ ድርሻውን ይዞ ቤት ሲገባ ነው። «ስጠኝ፣ እኔ ላስቀምጥልህ» ይባላል። ልጁም አምኖ ይሰጣል። ገንዘቡ ለሽንኩርት ወይም ለከሰል ይውላል፤ ሲጠይቅ «ስንበላው የከረምነው ምን መሰለህ?» ይባላል። ወላጅ ይህን የሚያደርገው በክፋት ሳይሆን ቸግሮት ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ልጁ የተማረው ግን ምንድን ነው? ያስቀመጡት እንደሚጠፋ፣ ወዲያው የበሉት ብቻ የራስ እንደሆነ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የቡሄ ገንዘቡን ቤት ሳይደርስ ከረሜላ ይገዛበታል። አባካኝ ብለን ብንገሥጸው ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ አደራ ያልነው ይህ ነው። ሙዳየ ምጽዋት አንድ ሰው ብቻውን የሚከፍተው አይደለም፤ ቆጣሪዎች ባሉበት ተከፍቶ ይቆጠራል። የልጅም ሙዳይ ትንሽ ቢሆንም የሚገባው ክብር እንዲሁ ነው።

መ) የልጅ ሙዳይ እንዴት ይያዝ?

1. ዓላማው ይታወቅ። «ቆጥብ» ብቻ ማለት ለልጅ አይገባውም። «ለመስከረም የምትይዘውን ቦርሳ ለመግዛት» ቢባል ግን ይገባዋል። ለትንሽ ልጅ ዓላማው በሳምንታት ውስጥ የሚደርስ ይሁን።

2. ልጁ በሌለበት አይከፈት። ቤት ቸግሮት ከሙዳዩ መውሰድ ግድ ቢሆን ልጁ ይጠየቅ፤ የተወሰደው በደብተር ይጻፍለት፤ በተባለውም ቀን ይመለስለት። 20 ብር ተበድሮ የመለሰ አባት ከብዙ ምክር ይልቅ ያስተምራል።

3. በተወሰነ ቀን ይቆጠር። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ ሲተኩ ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነበር። ተዘግቶ የተረሳ ሙዳይ እንዲህ ባለ ጊዜ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ጠርቀም ሲልም ወላጅ ለልጁ በሚከፍተው የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ልጁም አብሮ ሄዶ ይይ።

4. ልጁ የቤቱን ደብተር ይይ። ገቢው ይህ ነው፣ ኪራዩ ይህ ነው፣ የቀረው ይህ ነው ተብሎ የተነገረው ልጅ «ለእኔ ስለማታስቡ ነው» ብሎ አያኮርፍም። ችግርን መደበቅ ልጅን ከችግር አያድነውም።

ሠ) ቁጠባና ንፍገት

መጨረሻ ላይ የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ቁጠባ ንፍገት እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ሙዳዩን አቅፎ ታናሽ እኅቱ እርሳስ ስታጣ ዝም የሚል ልጅ ቁጠባን ሳይሆን ስስትን ተምሯል። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንስቶ ከሚያገኘው ላይ ጥቂቱን ለሌላ ሰው እንዲለይ እናልምደው፤ መጠኑንም እርሱ ይወስን።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ገንዘብ ዋጋው ይወርዳል፤ ኖቱም ይለወጣል። በልጅነቱ አደራው የተጠበቀለት ሰው ግን ነገ ዕቁብ ሲሰበስብ፣ የዕድር ገንዘብ ሲይዝ፣ ትዳርም ሲመሠርት የሌላውን አደራ ይጠብቃል። እኛም ከታናናሾቻችን ሙዳይ እንጀምር።

ለውይይት፦

1. በቤታችሁ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጡት ወጪዎች የትኞቹ ናቸው? ለ12 ወር ሲካፈሉ ስንት ይሆናሉ?

2. ከታናሽ ወንድም ወይም እኅት ተወስዶ ያልተመለሰ ገንዘብ አለ? እንዴት ይመለስ?

3. ቁጠባና ንፍገት በምን ይለያሉ? በምሳሌ አስረዱ።