የባለ ሦስት እግር ሞተር ማርሚታ ከመሬት እንዴት ከፍ ይላል?

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ለማስተማር የተሰማራን ተማሪዎች ነን። ማታ ማታ ከምናስተምራቸው ጎልማሶች አንዱ በባለ ሦስት እግር ሞተር ዕቃ ይጭናል። አንድ ቀን ደብተሩን ሳይዝ መጣና፣ «ዛሬ ትምህርቱ ይቅርና ይሄን ማርሚታ እዩልኝ» አለን።

አየነው። ከሥሩ ተጨፍልቋል። ማንጠልጠያው ተበጥሶ በሽቦ ታስሯል። ጉብታ ባለፈ ቁጥር መሬት ይነካዋል፤ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አስበይዶታል። ሞተሯ የኪራይ ናት። ብትሠራም ባትሠራም የቀኑ ሒሳብ አይቀርም። እንግዲህ ማርሚታው የተሰበረበት ቀን ለልጆቹ ምን ዓይነት ቀን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ማርሚታ የሚለው ቃል እንደ ካንዴላ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በዚያ ቋንቋ ድስት ማለትም ነው። መርካቶም ራሱ ገበያ ማለት ነው። የሞተሩ «ድስት» ግን ወጥ አይሠራበትም፤ ሥራው የጭሱን ጩኸት መቀነስና ጭሱን ከሰው ማራቅ ነው።

በማግስቱ አብረነው ምን አለሽ ተራ ሄድን። በዚያ ሰፈር አሮጌ ብረት ተቆርጦና ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ መጥበሻ፣ ሌላም ሌላም ይሆናል። የእኛ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ቱቦውን በመዶሻ ጠፍጠፍ እናድርገውና ከመሬት ይራቅ አልን። በያጁ ሽማግሌ ሳቁብን።

«ልጆች፣ አፍንጫችሁን ይዤ ዳገት ውጡ ብላችሁ ትወጣላችሁ?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር አየርና ቤንዚን ያስገባል፣ ያቃጥላል፣ የተቃጠለውን ያስወጣል። መውጫው ከጠበበ አሮጌው ጭስ በሚገባ አይወጣም፤ አዲሱም አየር በሚገባ አይገባም። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ይግላል፣ ቤንዚንም ይበላል። በሒሳብ እንየው። የውስጥ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቱቦ፣ የአፉ ስፋት 2 ጊዜ 2 ጊዜ 3.14፣ ማለትም 12.56 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። በ2 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ብንተካው 1 ጊዜ 1 ጊዜ 3.14፣ ማለትም 3.14 ብቻ ይሆናል። ቱቦው በግማሽ ቢቀጥን መንገዱ ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ ቱቦው አይጨፈለቅም፣ አይቀጥንም፤ መንገዱን ይለውጣል እንጂ። መታጠፊያውም እንደ ክርን የተሰበረ ሳይሆን እንደ ቀስት የለዘበ መሆን አለበት።

ከዚያ መለካት መጣ። እኛ ባዶዋን ሞተር ለካንና 19 ሳንቲ ሜትር ጻፍን። ሽማግሌው ግን ወረቀቱን እንኳ አላዩትም፤ አራት ሰው ሳጥኑ ላይ አስወጡ። ባሌስትራው ተኛ፤ 19ኙ 12 ሆነ። ሞተሯ መንገድ ላይ የምትገጨው ጭና ነውና ትክክለኛው ቁጥር ይሄኛው ነው። (ይህን በየትኛውም ክፍል አልተማርነውም።)

ጉብታ ሲታለፍ ወደ መሬት አብዝቶ የሚቀርበው በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ክፍል ነው። ስለዚህ ቱቦው በሻንሲው ጎን ከፍ ብሎ እንዲያልፍ፣ ማርሚታውም ከመሀል ወደ ኋላ ጎማ እንዲጠጋ ተስማማን። አንድ ችግር ግን አለ። ቱቦው የኋላ ጎማዎችን ከሚያገናኘው ብረት በላይ ካለፈ፣ ጭነት ሲበዛ ሻንሲው ቱቦውን ይዞ ይወርድና ያ ብረት ከሥር ይመታዋል። ከመሬት ያዳኑትን ማርሚታ እዚያው ላይ መስበር ይሆናል። በመካከላቸው ባሌስትራው እስኪተኛ የሚበቃ ቦታ መተው ያስፈልጋል።

ለቅጥያ የሚሆን ቱቦ ስንፈልግ ርካሽ የውሃ ቧንቧ አገኘን። ሽማግሌው መለሱት። የሚያብለጨልጨው ቧንቧ ዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንኩ በብየዳ እሳት ሲቃጠል የሚወጣውን ነጭ ጭስ የተነፈሰ ሰው፣ ማታውን ወባ እንደያዘው ሰው ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። ጥቁሩ የብረት ቱቦ ይሻላል። ብየዳውም ማርሚታው ወልቆ፣ ከቤንዚን ርቆ ይሁን።

ከፍ ያለ ማርሚታ ለጭነት ይቀርባል። ወዳጃችን የሚጭነው ስፖንጅና ካርቶን ነው፤ ሁለቱም እሳት ወዳዶች ናቸው። በማርሚታውና በሳጥኑ ወለል መካከል ላሜራ አደረግን፤ ከሁለቱም ጋር ሳይነካካ። ሙቀቱን የሚያስቀረው ላሜራው ብቻ አይደለም፤ ግራና ቀኙን የሚያልፈው አየር ጭምር ነው።

ከሁሉ የከፋው የማይታየው ነው። በጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ አለ። ቀለም የለውም፣ አይሸትም። ወደ ሳንባ ሲገባ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሲበዛም ይገድላል። የወዳጃችን ረዳት ዝናብ ሲመጣ ሸራ ውስጥ ገብቶ ጭነቱ ላይ ይቀመጣል። የጭሱ አፍ ከሳጥኑ ሥር ቢቀር ጭሱ የሚሰበሰበው እሱ ጋ ነው። ስለዚህ አፉን ከሳጥኑ ጠርዝ አሳልፈን ወደ ኋላ አወጣነው። ብየዳው እንደማያሾልክም በሳሙና ውሃ ፈተንነው፤ ቱቦው ሳይግል ሞተሩን አስነስተን መጋጠሚያውን ስንቀባው አንድ ቦታ አረፋ ሠራ። እንደገና ተበየደ።

ማንጠልጠያው በላስቲክ ተደረገ፤ ብረት በብረት ከታሰረ ንዝረቱ ይሰብረዋል።

አራቱ ሰዎች እንደገና ሳጥኑ ላይ ወጡ። 18 ሳንቲ ሜትር። ማታ ስንመለስ ያ ጉብታ ጋ ስንደርስ ሁላችንም ዝም ብለን አዳመጥን። አልነካም። ክፍል የደረስነው ግን ግማሽ ሰዓት አርፍደን ነው፤ ተማሪዎቹ እኛን ሲጠብቁ ሰሌዳውን ጠርገውት አገኘን።