የአደራ ልጆች ችግርና የእኛ ድርሻ

እንደሚታወቀው በአገራችን «አደራ» የሚለው ቃል ከባድ ቃል ነው። ገንዘብ በአደራ ይቀመጣል፤ ከብትም በአደራ ይሰጣል፤ ባለቤቱ ሲመለስ ግን የተሰጠው ሁሉ ሳይጎድል ሊመለስለት ይገባል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» መባሉም ስለዚህ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፋችን የምንመለከተው ከገንዘብም ከከብትም የከበደውን አደራ፣ ይኸውም የሰውን ልጅ ተቀብሎ የማሳደግን ጉዳይ ነው።

ሀ/ የአደራ ቤተሰብ ሲባል ምን ማለት ነው?

የአደራ ቤተሰብና ጉዲፈቻ አንድ አይደሉም። በጉዲፈቻ ልጁ የአሳዳጊው ልጅ ይሆናል፤ ዝምድናውም ለዘለቄታው ነው። የአደራ ቤተሰብ ግን ጊዜያዊ ነው። ወላጆች ሲታመሙ፣ ሲታሰሩ፣ ልጃቸውን ሲበድሉ ወይም ማሳደግ ሲያቅታቸው ልጁ በሕግ ለሌላ ቤተሰብ ይሰጣል። ወላጆቹ ሲሻላቸው ወደ ቤቱ እንዲመለስ ይታሰባል። ስለሆነም አሳዳጊዋ እናት ልጁን እንደ ወለደችው እንድትወደው፣ ጊዜው ሲደርስም እንድትለቀው ይጠበቅባታል። ሸክሙ ይበልጥ የሚከብደው ግን ልጁ ላይ ነው። «እዚህ የምኖረው እስከ መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ እርግጠኛ መልስ የሚሰጠው የለም።

ይህን ማጥናት ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። በጥር ወር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከልክሏል። ስለዚህ ወላጅ ያጣ ልጅ እዚሁ፣ በዘመድ፣ በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ወይም በአደራ ቤተሰብ እጅ ማደግ አለበት ማለት ነው። በዚህ መንገድ ብዙ ዘመን የተጓዙት አገሮች የት ላይ እንደተሰናከሉ ማወቅ ይጠቅመናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለ/ ከሩማንያ የተገኘ ትምህርት

በቻውሼስኩ ዘመነ መንግሥት በሩማንያ እጅግ ብዙ ሕፃናት በመንግሥት ማሳደጊያዎች ውስጥ ታጉረው ነበር። በ2000 ተመራማሪዎች በቡካሬስት ከተማ በማሳደጊያ የሚኖሩ 136 ሕፃናትን መርጠው በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ወደ አደራ ቤተሰብ ሲገቡ ለሌሎቹ የተለመደው አያያዝ ቀጠለ። ከጊዜ በኋላ ሲታይ ቤተሰብ ያገኙት፣ ይልቁንም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት፣ በአእምሮ እድገትና ሰውን በመቅረብ በልጠው ተገኙ። ሌላም ነገር ታየ። ልጆቹ 12 ዓመት ሲሆናቸው በመጀመሪያው የአደራ ቤተሰብ ዘንድ የቆዩት ከዚያ ከወጡት ይልቅ የጠባይና የመንፈስ ችግራቸው ያነሰ ነበር። እንግዲህ ለልጁ ቤት ማግኘት ብቻ አይበቃውም፤ በዚያው ቤት መቆየትም ያስፈልገዋል።

ሐ/ በአሜሪካ የሚታዩ ችግሮች

በአሜሪካ በ2022 ከ360,000 በላይ ልጆች በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነበሩ። ልጆቹ ከወላጅ እንዲለዩ የሚያደርገው ዋናው ምክንያት ብዙዎች እንደሚገምቱት ድብደባ ሳይሆን የእንክብካቤ ጉድለት ነው። ችግሮቹን በአምስት ከፍለን እንመልከት።

1ኛ/ መዛወር። አንድ ልጅ በጥቂት ዓመታት ሦስትና አራት ቤት ሊቀያይር ይችላል። ብዙዎቹ ልብሳቸው በቆሻሻ መጣያ ላስቲክ ታጭቆ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ። ንብረቱ በቆሻሻ መያዣ የሚጓዝለት ልጅ ስለ ራሱ ምን ሊያስብ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

2ኛ/ የትምህርት መቋረጥ። ቤት ሲለወጥ ት/ቤትም ይለወጣል። ማስረጃው እስኪደርስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ያመለጠውን ትምህርት የሚያስታውስለትም የለም። በዚህ የተነሳ በ2008 የወጣው ሕግ ልጁ በተቻለ መጠን ከነበረበት ት/ቤት እንዳይነሳ ያዛል።

3ኛ/ ከወንድምና ከእኅት መለየት። ይኸው ሕግ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች አንድ ላይ እንዲቀመጡ ጥረት እንዲደረግ፣ ዘመዶችም ልጁ በተወሰደ በ30 ቀን ውስጥ እንዲነገራቸው ያዛል። ይሁን እንጂ ሦስትና አራት ልጆችን በአንድ ጊዜ የሚቀበል ቤት በቀላሉ አይገኝም። እናቱን ያጣ ልጅ ታናሽ እኅቱንም ሲያጣ ሐዘኑ እጥፍ ይሆናል።

4ኛ/ የጊዜ ገደብ። በ1997 በወጣው ሕግ መሠረት ልጁ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን ከወላጁ ውጭ ከኖረ፣ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ የወላጅነት መብት እንዲሻር መንግሥት ለፍርድ ቤት ማመልከት አለበት። የሕጉ አሳብ ልጁ ለዓመታት ሲንከራተት እንዳይኖር ነበር። ነገር ግን በእስር ላይ ያለች ወይም ከአደንዛዥ ዕፅ ለመላቀቅ የምትታገል እናት በዚህ ጊዜ ውስጥ ላትቆም ትችላለች። አንዳንዱ ልጅም ከወላጁ በሕግ ከተለየ በኋላ ሌላ ወላጅ ሳያገኝ ይቀራል።

5ኛ/ ዕድሜ መሙላት። በ2021 ወደ 20,000 የሚጠጉ ወጣቶች ወላጅም ጉዲፈቻም ሳያገኙ ዕድሜያቸው በመሙላቱ ብቻ ከሥርዓቱ ወጥተዋል። ይህም እንደየክፍለ ግዛቱ በ18 ወይም በ21 ዓመት ነው። በ1999 የወጣው ሕግ ለትምህርትና ለመኖሪያ እርዳታ ያደርግላቸዋል። ዳሩ ግን ሲታመሙ የሚጠሩትን፣ በበዓል ቀን በሩን የሚያንኳኩበትን ሰው ሕግ ሊሰጣቸው አይችልም።

አምስቱን ችግሮች አንድ ላይ ስናያቸው ሥራቸው አንድ ሆኖ እናገኘዋለን። ልጁ ምግብና አልጋ አላጣም፤ ያጣው የማይለወጥ ሰው ነው።

መ/ የእኛ ድርሻ

እኛ ወጣቶች ገና ቤት ስላልመሠረትን በአደራ ልጅ መቀበል አንችልም። ሆኖም የማይለወጥ ሰው መሆን እንችላለን። በበዓል ቀን ዳቦና ልብስ ይዞ ሕፃናቱን መጠየቅ መልካም ነው። ግን አንድ ቀን ዘፍኖ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ዳግመኛ ሳይመለስ የሚቀር ጠያቂ ለእነዚያ ልጆች ከሄዱት ሰዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ከአንድ ጊዜ ድግስ ይልቅ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሒሳብ የሚያስጠና፣ በፈተና ሰሞን እንኳ የሚቀር ከሆነ ቀድሞ የሚናገር አንድ ተማሪ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

ሁለተኛው ድርሻችን በየሰፈራችን ነው። የልጅ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አያት፣ የእኅቱን ልጅ የያዘ አጎት በየመንደሩ አለ። እነርሱ ሲደገፉ ልጁ ከሚያውቀው ሰው፣ ከቋንቋውና ከሰፈሩ ሳይለይ ያድጋል። የክርስትና አባትና እናት ማዕረግም ለድግስ ቀን ብቻ አልተሰጠም፤ ወላጅ በታጣ ጊዜ የሚጠየቅ አደራ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. በሰፈራችን ከዘመድ ጋር የሚኖሩ ልጆችን እናውቃለን? አሳዳጊዎቻቸው በይበልጥ የሚቸግራቸው ምንድን ነው?

2. ሕፃናትን ለመርዳት ስንነሣ ሥራው ከአንድ ዓመት በላይ እንዲዘልቅ ምን ማድረግ አለብን? ከመካከላችን ተመርቆ የሚሄድ ሲኖርስ ልጁን ለማን ያስረክባል?

3. አንድ ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ሲወሰን የእርሱ አሳብ መጠየቅ ያለበት ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ይመስለናል? ለምን?