አንሪ ደ ሞንፍሬድና የቀይ ባሕር መጻሕፍቱ

የምንኖረው ከባሕር ርቀን ቢሆንም፣ የድሬዳዋ ልጆች ለባሕር ወሬ እንግዶች አይደለንም። ከተማችን የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. እዚህ በደረሰ ጊዜ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በዚያ ሐዲድ ከዕቃው ጋር ብዙ ዓይነት ሰው መጥቷል። ከእነሱም አንዱ የባሕር ጀብዱ ጸሐፊ የሆነው ፈረንሳዊው አንሪ ደ ሞንፍሬድ ነው።

ደ ሞንፍሬድ በ1879 በደቡብ ፈረንሳይ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ተወለደ። አባቱ ሠዓሊና የታወቀው ሠዓሊ የፖል ጎጋን ወዳጅ ነበረ። በ1911 ወደ ጅቡቲ መጥቶ በቡናና በቆዳ ንግድ ተቀጠረ፤ በዚህም ሥራ ወደ ድሬዳዋ ይመላለስ ነበር። ኋላ ግን ንግዱ ሰለቸውና ወደ ባሕሩ ዞረ። ዐረብኛ ተማረ፤ እስልምናን ተቀብሎም አብድ ኤል ሐይ ተባለ። ኦቦክ ላይ ተቀምጦ አልታይር የምትባል የሸራ መርከብ ሠራ። ዕንቁ ፍለጋ እስከ ዳህላክ ደሴቶች ተጓዘ። ነገር ግን ጭነቱ ዕንቁ ብቻ አልነበረም። ጠመንጃና ሐሺሽ በስውር ያመላልስ ነበር፤ ስለዚህም ጅቡቲ ውስጥ ታስሯል።

ከተማችን ውስጥ የዱቄት ወፍጮ ነበረው። ደግሞም በ1929 ከሊቁ ከቴያር ደ ሻርደን ጋር ሆኖ ከድሬዳዋ አጠገብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ለዓለም ያስታወቀ እሱ ነው። በዚያ ዋሻ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቷል።

ታዲያ ይህ ነጋዴ እንዴት ጸሐፊ ሆነ? በ1930 ጆዜፍ ኬሰል የተባለ ፈረንሳዊ ደራሲ ስለ ባሪያ ንግድ ሊመረምር ወደ አገራችን መጣ። ከደ ሞንፍሬድ ጋር ተገናኝቶ ታሪኩን በሰማ ጊዜ፣ እንዲጽፈው አጥብቆ መከረው። «የቀይ ባሕር ምሥጢሮች» የተባለው መጽሐፉም ከዚህ በኋላ ታተመ። ሰውየው በዚያን ጊዜ ከኀምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ብዙ አሥር መጻሕፍት ጽፏል።

አያቴ በምድር ባቡር ያገለገሉ ሰው ስለሆኑ ፈረንሳይኛ ያነባሉ። ማታ ማታ ከዚህ መጽሐፍ እያነበቡ ይተረጉሙልኝ ነበር። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ሆኖም በደቡብ ቀይ ባሕር ነፋሱ በበጋና በክረምት አቅጣጫውን እንደሚለውጥ፣ ባለ ሸራው መርከበኛ ጊዜውን ካልጠበቀ መንገዱ እንደሚዘጋበት፣ ከውሃ በታች ያለው ዐለት ከማዕበል ይልቅ እንደሚያስፈራ የተረዳሁት በዚያ ነው። የእንዲህ ያለ መጽሐፍ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሰው ከሞት የዳነው በምን ዕውቀት እንደሆነ ያሳያል።

ነገር ግን ቀጥሎ የሰማሁት አሳዘነኝ። ደ ሞንፍሬድ ስለ ኢትዮጵያ በጻፈው ምክንያት በ1933 ከአገር ተባረረ። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜም ብዕሩን ይዞ ለወራሪው ቆመ። ሕዝባችን በመርዝ ጋዝ ሲያልቅ እሱ የሙሶሊኒ ደጋፊ ነበረ። ኢጣሊያ ከተሸነፈች በኋላ እንግሊዞች ይዘው ወደ ኬንያ ወሰዱት።

ይህን እንደ ሰማሁ፣ «አባባ፣ ታዲያ ይህን መጽሐፍ ለምን ያስቀምጡታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ስለ ነፋስ ሲነግርህ ስማው፤ ነፋስን ያውቃልና። ስለ አንተ ሲነግርህ ግን መርምረው» አሉኝ።

ይህ ምክር ለእኛ ለተማሪዎች እጅግ የሚጠቅም ይመስለኛል። «በዓይኔ አየሁ» የሚል ጸሐፊ ሁሉ ያየውን በሙሉ አይነግረንም፤ ያየውንም የሚፈርደው በራሱ ጥቅም ነው። ስለዚህ ስናነብ፣ ይህ ሰው ይህን የሚያውቀው እንዴት ነው? የጻፈውስ ለማን ብሎ ነው? ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛም አንድ ነገር ልብ እንበል። አልታይርን ከእሱ ጋር ሆነው በማዕበል ውስጥ የነዱት ሶማሌዎች፣ አፋሮችና ዐረቦች ነበሩ። ሸራውን ያወረዱ፣ ዐለቱን አይተው የጮኹ እነሱ ናቸው። እነሱ ግን መጽሐፍ አልጻፉም፤ እኛም የምናውቃቸው በእሱ አፍ ብቻ ነው።

ደ ሞንፍሬድ በ1958፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ከሬዩኒዮን ደሴት በጀልባ ተነሥቶ በሕንድ ውቅያኖስ ጠፋ። ሰው ሁሉ ሞተ ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ማዳጋስካር ላይ በሕይወት ተገኘ። ያረፈው በ1974 በ95 ዓመቱ ነው። ታሪኩን አስቀድሞ ስለጻፈ ከእርሱ ጋር አልተቀበረም።

የእኛ ሽማግሌዎች ግን በየከዚራውና በየመጋላው ተቀምጠው ስለ ባቡሩ፣ ስለ ጅቡቲ መንገድና ስለ ባሕሩ የሚያውቁትን ይዘው ያልፋሉ። እንግዲህ ጓደኞቼ፣ በዚህ የዕረፍት ወራት እያንዳንዳችን ደብተርና እርሳስ ይዘን ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ እንቀመጥ። የሚመጣው ዓመት መጽሔታችን በእነሱ ታሪክ ይሙላ።