ጎማ ሲተልቅ ማርሽም ይለወጣል

ብዙ ሰዎች በፒክአፕ መኪናቸው ላይ ከፋብሪካ ከመጣው የሚበልጥ ጎማ ማሠር ይወዳሉ። መኪናው ከፍ ይላል፤ ድንጋይና ጭቃም በቀላሉ ያልፋል። ነገር ግን ጎማውን የለወጠ ሰው ሳያውቀው ማርሹንም እንደ ለወጠ ሊረዳ ይገባዋል። ይህም እንዴት እንደ ሆነ በቍጥር እንመልከት።

ቁመቱ 30 ኢንች የሆነ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር መኪናውን 239 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ባለ 33 ኢንቹ ግን 263 ሳንቲ ሜትር ያስኬዳል፤ ይኸውም ከመቶ 10 እጅ ይበልጣል። ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፤ ኃይል ይቀንሳል። ሞተሩ የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል ሳይጨምር መሬቱ ከጎማው መካከል ስለሚርቅ፥ መኪናውን የሚገፋው ኃይል ከመቶ 9 እጅ ያህል ያንሳል። ይህ በሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅም። ጭነት ይዞ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣ ሰው ግን ዳገቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ በሁለተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረውን በአንደኛ ለመውጣት ይገደድ ይሆናል።

ሁለተኛ፤ የፍጥነት መለኪያው ያሳስታል። መለኪያው የሚቈጥረው ዙርን እንጂ መንገድን አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ ትክክል የነበረው መለኪያ 60 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ መኪናው በ66 ይሮጣል።

ሦስተኛ፤ ፍሬን ይደክማል። ትልቁን ጎማ ለማቆም ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋል። በከባድ ማርሽ ቁልቁለት ሲወርዱም ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ኃይል ያንሳል። ከሁሉ የሚያሠጋው ይህ ነው።

መድኃኒቱ በዲፈረንሲያል ውስጥ ነው። ከማርሽ ሳጥኑ የሚመጣው ዘንግ 3.73 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞር ነበር እንበል። ለአዲሱ ጎማ 3.73ን በ33 አባዝተን ለ30 ስናካፍል 4.10 እናገኛለን። የዲፈረንሲያሉ ጥርሶች በዚህ ልክ ቢለወጡ የመግፋት ኃይሉና ሞተሩ በቁልቁለት የሚይዝበት ኃይል ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። መኪናው በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ የፊቱም የኋላውም እኩል መለወጥ አለባቸው። የእግር ፍሬኑ ግን በዚህ አይጠነክርምና ለብቻው መመርመር ያሻዋል።

ባዶ መኪና በሜዳ የሚነዳ ሰው ጥርሱን ሳይለውጥ ሊቀር ይችላል፤ ጭነትና ዳገት የሚጠብቀው ግን ጎማ ከመግዛቱ በፊት ሒሳቡን ይሥራ። ማባዛትና ማካፈል በክፍል ብቻ ሳይሆን በጎማ መሸጫውም ደጅ ይጠቅማሉ።