ከዶርም የሚጀምር ሸንጎ

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ልጆች፣ ዛሬ ማታ ዶርማችሁን ዞር ብላችሁ እዩት። በተደራራቢዎቹ አልጋዎች ላይ ማን ተኝቷል? አንዱ የጎጃም ገበሬ ልጅ ነው፣ አንዱ የጅማ ነጋዴ ልጅ፣ አንዱ ከወላይታ፣ ሌላው ከድሬዳዋ። ሥራና ትዳር ወደየፊናችሁ ከበተናችሁ በኋላ እንዲህ ያለ ቤት ዳግመኛ አታገኙም። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ከመሰሎቹ ጋር ብቻ ሲያወራ ይኖራል። እናንተ ግን ዓመታት ሙሉ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ እንኳ ሳይቀር፣ በሐሳብ ከማይመስላችሁ ሰው ጋር የመከራከር ዕድል አላችሁ። ተጠቀሙበት!

ወላጆች ልጃቸውን ሲሸኙ «አደራህን፣ ፖለቲካ ውስጥ እንዳትገባ፤ አንገትህን ደፍተህ ተማርና ና» ይላሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። በ2012 ዓ.ም. በየግቢው በተነሣው ግጭት ሕይወታቸውን ያጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ግን ያ ሁሉ የመጣው ተማሪው አብዝቶ ስለተወያየ ነው? እኔ እንደዚያ አላምንም። አብረው እየበሉ፣ አብረው እያጠኑ፣ ዋናውን ጉዳይ ሳያነሡ የሚኖሩ ልጆች፣ አንድ ቀን ክፉ ወሬ ሲመጣ ወሬውን የሚያጣሩበት ሰው ከወዲያኛው ወገን አይኖራቸውም። «እውነት ነው እንዴ?» ብለው የሚጠይቁት አንድ ጓደኛ ቢኖር ኖሮ ስንቱ ነገር በእንጭጩ በቀረ!

መከራከር ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ድሮ ዳኛ ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰይሞ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን አጣፍተው «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ከዚያ ሥርዓት ውስጥ እኔ በጣም የምወደው ውርርዱን ነው። ተሟጋቹ «ነገሩ እንዲህ ነው» ሲል ማር፣ ፈረስ ወይም በቅሎ ይወራረድ ነበር። ያልሆነውን ሆነ ብሎ ከተገኘ ይከፍላል፤ ስለዚህ አፉን ከመክፈቱ በፊት ያስብ ነበር። ዛሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ ያየነውን ስንደግም የምናስይዘው ነገር የለም። ወሬው ውሸት ሆኖ ሲገኝም ጠያቂ የለንም፤ ወደሚቀጥለው እናልፋለን።

ውርርዱን ወደ ዶርማችሁ መልሱት። «እንትን የሚባል ቦታ እንዲህ ተደረገ» ያለ ልጅ ሻይ ይወራረድ፤ ከዚያ አብራችሁ አጣሩ። ሻዩ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሰው ከኪሱ ሊያወጣ መሆኑን ሲያውቅ «እነሱ ሁሉም እንዲህ ናቸው» የሚለው ንግግር «እኔ ያየሁት አንድ ሰው» ወደሚል ይወርዳል። ያኔ ተነጋግሮ መግባባት ይቻላል። የተሸነፈውም አያፍር፤ ሻዩን አብሮ ይጠጣዋል።

ሌላም መሣሪያ አላችሁ። በፍሬሽማን ዓመት የምትወስዱትን ሎጂክ ለፈተና ብቻ ሸምድዳችሁ አትጣሉት። በሐሳቡ ፈንታ ሰውየውን መምታት ስሕተት መሆኑን የሚያስተምራችሁ እሱ ነው። የባላጋራን ሐሳብ በደካማው ሳይሆን በጠንካራው ገጽታው መያዝ እንደሚገባም እዚያው ትማራላችሁ። ዛሬውኑ ሞክሩት። መልስ ከመስጠታችሁ በፊት «አንቺ የምትዪው እንዲህ ነው አይደል?» በሉና ጓደኛችሁ «አዎ፣ እሱን ነው የምለው» እስክትል ጠብቁ። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ስትለምዱት ግን የጓደኛችሁ ፊት እንዴት እንደሚፈታ ታያላችሁ።

ከእናንተ በፊት በዚህ መንገድ የሄደ ትውልድ አለ፤ ከብርታቱም ከጉዳቱም ብዙ እንማራለን። በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የሚባል መርሐ ግብር ነበር። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ፣ አብዛኛው በመምህርነት፣ ያገለግላል። የከተማው ልጅ የገባሩን ኑሮ በዓይኑ አይቶ ስለሚመለስ ስድስት ኪሎ ላይ የሚነሣው ክርክር ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ መሆኑ ቀረ። መርሐ ግብሩ በተጀመረበት በዚያው በ1957 ዓ.ም. የካቲት ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ያነሡት ጥያቄ አገር ለወጠ!

ያው ትውልድ ግን መጽሐፍ ሲዋዋስ ኖሮ ኢሕአፓና መኢሶን በሚባሉ ሁለት የፖለቲካ ድርጅቶች ተከፍሎ ተለያየ። የተለያዩበት ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ ሥልጣን ወዲያውኑ ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይሰጥ ወይስ ሥልጣን ለያዘው ወታደራዊ ደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እየሰጡ ለውጡን ይግፉ? ሌሊት ሙሉ ቢከራከሩበት የሚያስኬድ ጥያቄ ነበር። መልሱን ግን ጥይት ሰጠው፤ በመጨረሻ ደርግ ሁለቱንም ፈጃቸው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግቡ፤ በግድግዳው ላይ ካሉት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የእናንተ እኩዮች ናቸው። እነዚያ ልጆች ንባብ ነበራቸው፣ ድፍረትና የሕዝብ ፍቅርም ነበራቸው። በሁሉም ወገን የጎደለው «ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል» የማለት ልምድ ነው ብዬ አምናለሁ። እናንተ ድፍረታቸውን ወርሳችሁ ይህንን መጨመር ትችላላችሁ።

ከየት ትጀምራላችሁ? ከውኃው! የዶርማችሁ ቧንቧ ከደረቀ ሁሉንም ያስጠማል፤ የሰሜኑንም የደቡቡንም። ከየብሎኩ ጥቂት ልጆች ተሰብሰቡ። ለሁለት ሳምንት ውኃ የጠፋበትን ቀንና ሰዓት መዝግቡ። ፕሮክተሩን ጠይቁ፣ የጥገና ክፍሉን ሰዎች ችግራቸው ምን እንደሆነ ስሙ፤ ምናልባት የጎደላቸው ፓምፕ ይሆናል። ከዚያ የመዘገባችሁትን ይዛችሁ በተማሪዎች ኅብረት በኩል ለተማሪዎች ዲን ጻፉ። በዚህ ሥራ ላይ አብረው የዋሉ ልጆች ማታ ስለ አገር ጉዳይ ሲከራከሩ ድምፃቸው ይለዝባል፤ ጠዋት ባልዲ የተጋገዙትን ሰው መሳደብ ይከብዳላ!

ውኃው ሲመጣ ደግሞ ከግቢው በር ውጡ። ሕግ የምትማሩ ከሆነ ትምህርት ቤታችሁ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል እንዳለው ጠይቁ፤ ጠበቃ መቅጠር የማትችል እናት እዚያ ትመጣለች። ሒሳብ የምትወዱ በአቅራቢያችሁ ላለው ትምህርት ቤት ልጆች ቅዳሜ ጠዋታችሁን ስጡ።

ለመጀመሪያው ስብሰባ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ክፍል፣ አንድ ደብተርና አንድ ሰዓት ነው። ሁሉም እኩል ይናገር፤ ዝም ያለችውን «አንቺስ?» በሏት። ቃለ ጉባኤውንም ከእናንተ ጋር ያልተስማማው ልጅ ይያዝ። ልዩነቱን በገዛ እጁ ይጻፈው፤ ደብዳቤው ለዲኑ ሲገባ ስሙ ከእናንተ ስም ጎን ይስፈር።