ሦስተኛው ጥምጥም

በወሎዋ ሐይቅ ከተማ በገበያ ቀን ሁለት ዓይነት ጥምጥም ይታያል፤ የቄሱና የሼሁ። ከሩቅ ሁለቱም ነጭ ናቸው። ያም ሆኖ የአምባሰል ልጅ አንዱን ከሌላው አያምታታም፤ ከቄሱ ዘንድ መስቀል ይሳለማል፣ ከሼሁ ዘንድ ዱዓ ይቀበላል። ሦስተኛ ጥምጥም ሲመጣ ግን ይቸገራል። በቴሌቪዥንም ይሁን በዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ጢሙን ያሳደገና ባለቀለም ጥምጥም ጠበቅ አድርጎ ያሰረ ህንዳዊ ሲያይ «ይህ ደግሞ የየት አገር ሼህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው ሼህ አይደለም፤ ሙስሊምም አይደለም። ሲክ ነው።

ይህን ለይቶ ማወቅ ትርፍ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የመስከረሙ ጥቃት በደረሰ በአራተኛው ቀን፣ በ2001 ዓ.ም.፣ አሪዞና ውስጥ አንድ ሲክ ነጋዴ በጥምጥሙና በጢሙ ምክንያት ሌላ ሰው መስሎ ታይቶ በጥይት ተገደለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሟቹ ሙስሊም ቢሆን ኖሮም ግድያው ያው ግፍ ነበር። ባለማወቅና በጥላቻ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል አጭር እንደሆነ ግን ከዚህ መማር ይቻላል።

ሲኮች ለሀገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደሉም። በ1941 ጣልያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት በከረን ተራሮች ላይ የተዋጉት 4ኛውና 5ኛው የህንድ ክፍለ ጦሮች በውስጣቸው ሲክ ወታደሮች ነበሯቸው፤ 5ኛው ከደሴ በስተሰሜን እስካለው አምባላጌ ድረስ ዘልቋል። በኋላም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ህንዳውያን መካከል፣ አብዛኞቹ ከኬረላ የመጡ ቢሆኑም፣ ጥምጥም የሚያስሩ ነበሩባቸው።

አሁን ቀስ እያልን ደረጃ በደረጃ እንሂድ። መጀመሪያ ጊዜውንና ቦታውን እንያዝ። መሥራቹ ጉሩ ናናክ የተወለደው በ1469 ፑንጃብ ውስጥ፣ ዛሬ ፓኪስታን በሆነው ምድር ነው። እኛ ዘንድ ዐፄ በእደ ማርያም የነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስፋፉት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያን ጊዜ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ትምህርት ቤት ነበር። ናናክ ያረፈው በ1539 ነው። በእነዚያ የመጨረሻ ዓመታት ወሎ በኢማም አሕመድ ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ናናክም በፑንጃብ ባቡር የተባለው የሙጋል ንጉሥ ጦር ሲያልፍ አይቷል። ስለዚህ ሃይማኖቱ የተወለደው ሙስሊምና ሂንዱ ጎን ለጎን በሚኖሩበት፣ አንዳንዴም በሚጋደሉበት አገር ነው። ናናክን በጉዞው ሁሉ ያልተለየው፣ ሲዘምር ክራር መሳይ መሣሪያ የሚመታለት ማርዳና ሙስሊም ነበር።

ከዚህ ተነሥተው ብዙ ሰዎች «እንግዲያው ሲክነት የእስልምናና የሂንዱ ቅልቅል ነው» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ሲኮች ናናክ ያስተማረውን ራሱን የቻለ መገለጥ አድርገው ይቀበሉታል። የቅርቡን ከሩቁ ለመለየት የሚያዋጣው መንገድ ለሁሉም ሃይማኖት አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ ነው፤ ከዚያ መልሶቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ።

ፈጣሪ ማን ነው? ለሚለው ጥያቄ ሲኩ «አንድ ነው፣ አልተወለደም፣ አይሞትም፣ መልክም የለውም» ብሎ ይመልሳል። ሙስሊሙ አንባቢ እዚህ ላይ ከተውሂድ ጋር ያለውን ቅርበት ወዲያው ያያል፤ ለምስል አለመስገድም ያገናኛቸዋል። ነገር ግን ሲኩ ነቢዩ ሙሐመድን የነቢያት መደምደሚያ አድርጎ አይቀበልም፤ በቀን አምስት ጊዜ ወደ ቂብላ ዞሮም አይሰግድም። ተዋሕዶው አንባቢ ደግሞ ልዩነቱን ከምስጢረ ሥጋዌ ላይ ያገኘዋል፤ በሲክ ትምህርት አምላክ ሰው አይሆንም፣ ሥላሴም የለም። ከናናክ ጀምሮ የተከታተሉት አሥሩ ጉሩዎች ራሳቸው መምህራን እንጂ አማልክት አይደሉም።

ሰው ከሞተ በኋላስ? ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው። ለወሎ ክርስቲያንም ለወሎ ሙስሊምም ሰው አንድ ጊዜ ይኖራል፣ ይሞታል፣ ይቀበራል፣ በመጨረሻው ቀን ተነሥቶ ይፈረድበታል። ሲኩ ግን ነፍስ እንደ ሥራዋ ደጋግማ ትወለዳለች፣ በፈጣሪ ቸርነት ከዚህ ዙር ወጥታ ከእሱ ጋር አንድ እስክትሆን ድረስ ትዞራለች ብሎ ያምናል። በዚህ ወደ ሂንዱና ወደ ቡድሃ ይቀርባል። ሬሳውንም አይቀብርም፤ ያቃጥላል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ይሰቀጥጣቸዋል። ሥጋ ይነሣል ብሎ ላደገ ልጅ ቢሰቀጥጠው አይፈረድበትም፤ ለሲኩ ግን ነፍሱ የተወችው አካል ለአመድ መሰጠቱ ክብሩን አይቀንስም።

ቃሉ የት ተጻፈ? አምስተኛው ጉሩ አርጁን በ1604 መዝሙሮቹን ሰብስቦ በአምሪትሳር መቅደስ አስቀመጠ። በ1708 አሥረኛው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ሲሞት ከእሱ በኋላ ሰው ጉሩ እንደማይሾም፣ መጽሐፉ ራሱ ጉሩ እንደሚሆን ደነገገ። ስለዚህም ጉሩ ግራንት ሳሂብ ይባላል፤ ዛሬ በመደበኛነት የሚታተመው 1430 ገጽ ነው። በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከፍ ካለ መቀመጫ ላይ ሆኖ፣ እንደ ንጉሥ ጭራ እየተወዛወዘለት ይነበባል።

ሁለት ነገሮች ስለዚህ መጽሐፍ ይደንቁኛል። አንደኛው በውስጡ የጉሩዎቹ ብቻ ሳይሆን የሌሎችም መዝሙር መኖሩ ነው። የሙስሊሙ ሱፊ የሼክ ፈሪድ አለ። የካቢር አለ፤ ካቢር ሸማኔ ነበር። የራቪዳስ አለ፤ እሱ ከቆዳ ሠራተኞች ወገን የተወለደ፣ በሂንዱ የዘር ደረጃ ሰው የማይነካው ነበር። ሸማኔና ቆዳ ፋቂ እንዴት ይታዩ እንደነበር፣ ምን ስምም ይለጠፍባቸው እንደነበር ለሀገሬ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። እነዚያ ሁለቱ የተናገሩት ቃል ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ዛሬ ባላባቱም ባለጸጋውም ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይሰግድለታል። ይህን ሳነብ ልቤ ይነካል።

ሁለተኛው የአምባሰልን ሰው በተለይ ይመለከታል። የመጽሐፉ አብዛኛው ክፍል የተደራጀው በዜማ ስልት ነው፤ በዋናነት 31 ራጋዎች አሉት። ራጋ ማለት ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬ፣ ከዚያም በእኛው አገር ስም የሚጠራው አምባሰል እንደምንላቸው ያለ ቅኝት ነው። በዚህ ክፍል እያንዳንዱ መዝሙር በየትኛው ራጋ እንደሚዜም ከራስጌው ተጽፎበታል። የቅዱስ ያሬድን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚያውቅ ደብተራ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ቁርአንም በተጅዊድ ይቀራል፤ መሣሪያ ግን አይገባበትም። የወሎው መንዙማ ከበሮና ጭብጨባ ስላለው በድምፁ ለሲኩ መዝሙር ይቀርባል፤ ሆኖም መንዙማ ውዳሴ ነው፣ ቅዱስ መጽሐፉ አይደለም። ለሲኩ ግን የሚዜመው ራሱ መጽሐፉ ነው።

ስለ ጥምጥሙ ደግሞ ይህን እወቁ። በ1699 ጎቢንድ ሲንግ ካልሳ የሚባለውን ማኅበር መሠረተ። ተጠምቆ የገባበት ሰው አምስት ነገሮች ከአካሉ አይለዩም፦ ያልተቆረጠ ጠጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ልዩ የውስጥ ሱሪና ኪርፓን የሚባል አጭር ጎራዴ። ጥምጥሙ ያን ጠጉር ይሸፍናል፤ ስለዚህ ቄስና ሼህ እንደሚያስሩት የማዕረግ ወይም የአገልግሎት ምልክት አይደለም፤ ገበሬውም ሹፌሩም ያስረዋል። ጠጉርን ምላጭ አለማስነካት የሶምሶንን ታሪክ ለሚያውቅ አዲስ አይሆንበትም። ግዝረትን ግን ሲኮች አይቀበሉም፤ ፈጣሪ የሰጠው አካል እንደተሰጠ ይቆይ ይላሉ። እዚህ ላይ ተዋሕዶና እስልምና አብረው በአንድ ወገን ይቆማሉ። በሲኮች ዘንድ ቄስ የለም፤ ሴትም ወንድም መጽሐፉን ያነባል፣ ጸሎት ይመራል። ጾምና ወደ ቅዱስ ቦታ መሄድ በራሳቸው ጽድቅ አያሰጡም ብሎ ናናክ ስላስተማረ፣ መስከረም 21 ቀን ግሸን የሚወጣው ክርስቲያንና ሐጅ የሚናፍቀው ሙስሊም እዚህም ከሲኩ ይለያሉ።

ከሙስሊም ነገሥታት ጋር ስለነበረው ደም መሸፋፈን አልወድም። አርጁን በ1606 በሙጋሉ ንጉሥ በጃሃንጊር ዘመን ላሆር ላይ ተሠቃይቶ ሞተ። ዘጠነኛው ጉሩ ቴግ ባሃዱር በ1675 በአውራንግዜብ ትእዛዝ ዴልሂ ላይ አንገቱ ተቀላ። ሲኮች እንደሚተርኩት የሞተው ለራሱ እምነት ብቻ አልነበረም፤ በግድ እንዲሰልሙ ለተጠየቁ የካሽሚር ሂንዱዎች ሲል ነው። የሌላው ሰው እምነት በግድ እንዳይቀየር መሞት! ከሐይቅ ብዙ የማይርቀውን ቦሩ ሜዳን ያየ ሰው ይህን ታሪክ ዝም ብሎ አያልፈውም። እዚያ በ1878 ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ወደ ክርስትና ግባ ሲሉ፣ የወሎው ባላባት መሐመድ አሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፣ ሼህ ጦልሃ ደግሞ እምቢ ብለው ተነሡ። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲከፈሉም ፑንጃብ ውስጥ ሙስሊሙ ሲኩን፣ ሲኩም ሙስሊሙን ፈጅቷል። ግፉ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ፤ ወሎዬ ሲክን ከሁሉ ይበልጥ የሚረዳው በዚህ ይመስለኛል።

በየሲኩ ቤተ ጸሎት፣ በጉርድዋራ፣ ላንጋር የሚባል ነጻ ማዕድ አለ። ጫማ ያወልቃሉ፣ ራስ ይሸፍናሉ፣ መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ። ሃይማኖት፣ ዘር፣ ሀብት አይጠየቅም። በአምሪትሳር በየቀኑ የሚመገበው ሕዝብ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። የሚቀርበው ምስር፣ አትክልት፣ ቂጣ፣ ሩዝና የወተት ገንፎ ነው። ሥጋ የለም። ብዙ ሲኮች ሥጋ ይበላሉ፤ ከላንጋር ግን ማንም ከረድፉ እንዳይነሣ ሲባል ቀርቷል።

ሁሉን በአንድ ማዕድ እንዴት ማስተናገድ ይቻላል ለሚለው ጥያቄ ወሎ ሌላ መልስ አለው። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ሲታረድ የሚጠራው ስም የእምነት ምስክር ነውና። ስለዚህ ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር በግ ወይም ወይፈን ለይቶ ለሙስሊም ጎረቤቱ ያስረክባል፤ አራጁ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ድስቱና ሳህኑ የእነሱ ይሆናል። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ላንጋሩ የሚለያየውን ነገር ከማዕዱ ያወጣዋል፤ የወሎ ድግስ ግን ልዩነቱን እንዳለ አክብሮ ሁለት ጊዜ ይደክምለታል። ወጪውም ልፋቱም የሚበዛው የእኛው ነው፤ እኔ ግን ልፋቱ ራሱ ፍቅር ነው ብዬ አምናለሁ። ላንጋሩም ቢሆን ሁሉን አያዳርስም፤ ቅቤና ወተት ስላለበት ረቡዕና ዓርብ የገባ ተዋሕዶ ጠይቆ መለየት ይኖርበታል።

ሲክ እንግዳ ሐይቅ ቤታችሁ ቢመጣስ? የተጠመቀ ሲክ በሃይማኖት ሥርዓት የታረደ ሥጋ፣ በተለይም ሐላሉን፣ እንዳይበላ ታዟል፤ ብዙዎቹም የከብት ሥጋ ይተዋሉ። ስለዚህ ለክርስቲያኑ የተለየውም ለሙስሊሙ የተለየውም ወጥ አይሆነውም። ትንባሆ ከከባድ ክልክሎቹ አንዱ ነውና ሲጋራ አታቅርቡለት፤ ጠላና አረቄም እንዲሁ። ጥምጥሙን አውልቅ አትበሉት። ሽሮና ምስር ያስደስቱታል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለ ጭቅጭቅ የሚበላውን የሐይቁን ዓሣ ከማቅረባችሁ በፊት ግን ጠይቁት፤ አንዳንዱ ይበላል፣ አንዳንዱ ከነጭራሹ አይቀምስም። ቡናውን እስከ ሦስተኛው ድረስ አብሯችሁ ይጠጣል።